የግርማ የእሳት እራት

ሰኞ፣ ጥቅምት 24

ሮዙ ቀለበት ሦስተኛውም ላይ አለ! ከደረቱና ከሆዱ መጋጠሚያ፣ ከፀጉሩ ሥር ተደብቆ፣ እንደ ክር የቀጠነ ሮዝ ጠርዝ። ለካሁት። በጥቁር ቀለም ሣልኩት። ከማይክሮስኮፑ ቀና ስል ዋልተር ራሱ ሮዝ ሆኖ ታየኝ። ዐይኔ አልቋል።

ዋልተር ፕሮፌሰሬ ነው። "በአንድ አንቀጽ መጻፍ ያቃተሽ ነገር አልገባሽም ማለት ነው" ይላል። እስቲ ደክሞኝም ቢሆን ልሞክር።

ከደቡብ አሜሪካ፣ ከአንዲስ ተራሮች ሥር የሚመጡ የእሳት እራቶች ናቸው። መዳፍ የሚሞሉ፣ ፀጉራም፣ ቡናማ፣ የሐር ትሎች ዘመድ። ወገኑ ዲርፊያ ይባላል። በዚህ ወገን ውስጥ ስንት ዝርያ አለ? ዋልተር ዕድሜውን የጨረሰው በዚህች ጥያቄ ነው። ክንፋቸውን አይቶ መለየት አይቻልም፤ ሁሉም ቡናማ፣ ሁሉም መሐል ላይ ነጭ ምልክት። የሚለያዩት በወንዱ ሆድ ጫፍ ባለው የመራቢያ አካል ነው። ስለዚህ ሆዱን ቆርጠን፣ በፖታሽ ቀቅለን፣ አጥበን እናያለን። እኔ ክንፋቸው የዲርፊያ የሆነ፣ ሆዳቸው ግን በወገኑ ውስጥ ማንም ያላየው ዓይነት የሆነ ወንዶች አገኘሁ። በዚያ ላይ ሮዝ ቀለበት። አዲስ ዝርያ ነው። ስም የማወጣለት እኔ ነኝ።

አለቀ። ይህችን ለመጻፍ ነው ጠጉሬ የሸበተው።

የወገኑን ዝርያዎች ሁሉ የሚዘረዝረው ጽሑፋችን አርብ ለመጽሔት በፖስታ ይላካል። ከዚያ በፊት የቀሩኝ፦ የሥዕሎቹ መግለጫ፣ የካርታው ነጥቦች፣ የዋልተር ፊርማ፣ እንቅልፍ።

እማዬ ይህን ሥራ ለቤተ ክርስቲያን ሴቶች እንዴት እንደምታስረዳ እግዜር ይወቅ። የማየው የወንድ ዕቃ መሆኑን እንዳትናገር ለምኛታለሁ። "ሆድ ታያለች" ብላቸዋለች። ባለፈው እሑድ አንዲት ሴት ቃር እንደሚያስቸግራት ነግራኝ መድኃኒት ጠየቀችኝ።

ከላቦራቶሪው ወጥቼ ከሳን ሆዜ እስከ ፍሪሞንት በአውቶቡስ፣ ከፍሪሞንት እስከ ኦክላንድ በባርት ባቡር። ከባቡሩ በቀጥታ ወደ ነርሲንግ ሆም፤ ሽማግሌዎቹን ማጠብ፣ ማብላት፣ ማስተኛት። ባቡር ውስጥ ተኝቼ የማላውቃት ሴት ትከሻ ላይ ነቃሁ። ምንም አላለችኝም። ተባረኪ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 25

ጭጋጉ እስከ እኩለ ቀን አልተነሣም። ጉልበቴም።

እማዬ ዛሬ ሌላ ሰሌዳ ጨርሳ ቆየችኝ። ሳልዋሽ፣ ከእኔ የተሻለ ክንፍ ትዘረጋለች። ከፔሩ የሚላኩልን ክንፋቸው ታጥፎ፣ ደርቀው፣ በወረቀት ተጠቅልለው ነው። እርጥብ ፎጣ ባለበት ክዳን ያለው ሣጥን ውስጥ አድረው ይለሰልሳሉ። ከዚያ ደረታቸውን በስፒል ወግቶ፣ ክንፉን በቡሽ ሰሌዳ ላይ ዘርግቶ፣ በወረቀት ቁራጭ ይዞ ማድረቅ ነው። እኔ ስነካው ይቀደዳል። እሷ ጥጥ ስትፈትል የኖረች ጣት አላት። ባለፈው በጋ ሥራው ሲያደባየኝ አይታ "እስቲ ወዲህ በይው" አለችኝ፤ ከዚያ ወዲህ የምግብ ጠረጴዛችን የእሳት እራት ማረፊያ ሆኗል። ዋልተር የዘረጋችውን ባየ ቁጥር "ማዘርሽን እዚህ እንቅጠራት" ይላል።

አፍ የላቸውም፣ ክንፍ ካወጡ ወዲህ እስኪሞቱ ምግብ አይቀምሱም ብዬ ከነገርኳት ጀምሮ "ጿሚዎቹ" ነው የምትላቸው። "ጿሚዎችሽ ዛሬ አስቸገሩኝ፤ አንዱ ቀንዱ ተሰበረ" አለችኝ።

ምድር ቤት የሚኖሩት ጋሽ ኢድሪስ ደረጃው ላይ ያዙኝ። ከሥራ ታክሲያቸውን አቁመው መግባታቸው ነበር። አስመራ የተወለዱ፣ አዲስ አበባ ያረጁ፣ ማሾፍ የማይደክማቸው ሰው ናቸው።

"የቢራቢሮ ሐኪም! የቢራቢሮሽን ፎቶ መቼ ነው ኮፒ የምታደርጊልኝ? ፍሬሙን ገዝቻለሁ እኮ!"

"ጋሽ ኢድሪስ፣ ቢራቢሮ አይደለም፣ የእሳት እራት ነው።"

"ክንፍ አለው አይደል? አበቃ። ዋናው ስሙ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ሲባል አልሰማሽም?"

መቃብር ሲሉ ራሳቸው ደነገጡ። ወደ ላይ፣ ወደ በራችን አዩ። እማዬ አልሰማችም።

ወንድሜ ግርማ መቃብር የለውም። በቀይ ሽብር ጊዜ በሸሚዝ እንደሆነ ከቤት ወሰዱት፤ ሬሳውን አልሰጡንም። እማዬ አላለቀሰችም። ድንኳን አልተተከለም፣ ተስካር አልወጣም። ሱዳንም ሳለን፣ እዚህም ከመጣን ወዲህ ያው ናት። አባ ለጸሎት የሙታንን ስም ሲጽፉ የአባቴን የክርስትና ስም ትሰጣለች። "ልጅሽስ?" ሲሏት "እሱ የሄደ ነው፤ ከአባቱ በቀር የሞተ የለኝም" ትላለች። አባ ብዕራቸውን ይከድናሉ። በየዓመቱ እንደዚሁ ነው።

አዲስ ዝርያ ያገኘ ሰው የፈለገውን ስም እንደሚያወጣ መጀመሪያ የነገርኳት ዕለት ከሰሌዳዋ ቀና አለች። ቆይታ "ስሙ የሚወጣው ለሞተ ሰው ብቻ ነው?" አለችኝ። "አይደለም፤ በሕይወት ላለም ይወጣል" አልኳት። "እንግዲያው የግርማን አውጪ" አለች፤ ፊቷ እንደዚያ ሲበራ ካየሁ ዘመን አልፏል። መሞቱን ሳታምን ስሙ የሚጠራበት ነገር አገኘችለት። በላቲን ዲርፊያ ግርማይ። ማታውኑ ሰው ሁሉ አወቀ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አሁን ኦክላንድ ያለ አበሻ ሁሉ አርብን ይጠብቃል።

እኔም ፈልጌው ነበር። ለእሷ ብዬ ብቻ አይደለም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 26

በሩን ዘግቼ ነው የምጽፈው።

ዛሬ ላቦራቶሪ የለም፣ ቀን ሺፍት ነበርኩ። ጠዋት ነጩን ዩኒፎርም ለብሼ ልወጣ ስል ስቶኪንጌ ጉልበቱ ላይ ተበሳ። ቀዳዳው እንዳይሰፋ የጥፍር ቀለም ጫፉ ላይ መቀባት ነው፤ ነርሲንግ ሆም የሚሠሩ ሁሉ ያደርጉታል። እንዲያውም ብልቃጡን የሰጠችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ጥፍሬን ቀብቼበት አላውቅም። ከመታጠቢያ ቤቱ ቁም ሣጥን አወጣሁት። ከግማሽ በታች ወርዷል። ማን ጨረሰው ብዬ ቀባሁ፣ እፍ አልኩበት። ደረቀ።

ነጩ ስቶኪንግ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ሮዝ ጠርዝ።

ገንዳው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። የለካሁት እሱ ነው። የሣልኩት እሱ ነው። "ከሌሎቹ ሁሉ በዚህ ይለያል" ብዬ በእንግሊዝኛም በላቲንም የጻፍኩት እሱ ነው።

ምናልባት አይደለም። ሮዝ ሮዝ ነው፣ የእሳት እራትም ሮዝ ይሆናል። ደክሞኛል፣ የደከመ ሰው ብዙ ነገር ያያል። ቀኑን ሙሉ እንዲህ እያልኩ አልጋ አነጠፍኩ። አንዷን አሮጊት ሁለት ጊዜ አጠብኳት፤ ደስ አላት።

ማታ እማዬ ሽሮ አቀረበች። አልወርድ አለኝ። "ምን ሆነሻል?" አለች። ደክሞኝ ነው አልኳት። "አርብ ያልቅና ታርፊያለሽ" አለች። ሆድ ይፍጀው ብዬ ገባሁ። ነገ ሳላረጋግጥ አልናገርም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

ዛሬ መድኃኔ ዓለም ነው። እማዬ ማልዳ ተነሥታ ስትጸልይ ነበር የወጣሁት። ብልቃጡን ኮቴ ኪስ ከትቻለሁ።

ዋልተር እስኪመጣ ድረስ ሦስቱንም አወጣሁ። በቀጭን ብሩሽ ጫፍ አንዲት ጠብታ አሴቶን፣ ጥፍር ቀለም ማስለቀቂያው ማለት ነው። ሮዙ ቀለበት ሟሟ። ሽታው የመታጠቢያ ቤታችን ሽታ ነው።

ያልተቆረጠ አራተኛ ወንድ ነበረኝ። እሱንም ነካሁት። ሆዱ እንዳለ እንደ ፍሬ ወደቀ።

ከዚያ ማድረግ የነበረብኝን ከወራት በኋላ አደረግኩ። ያን እንግዳ ሆድ ከወገኑ ውጭ ፈለግሁት። እስካሁን ከዲርፊያ ጋር ብቻ ነበር የማስተያየው፤ ክንፉ ዲርፊያ ስለሆነ ሌላ ቦታ መፈለግ አልመጣልኝም። ሦስት መሳቢያ ዝቅ ብዬ አገኘሁት። ከዚያው የፔሩ ሣጥን አብሮ የመጣ፣ የታወቀ፣ ተራ የእሳት እራት። ሌላ ወገን። ሥዕሌን አጠገቡ አደረግኩ። አንድ ናቸው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ፤ እኔ አፍስሼ የለቀምኩትን ነው አዲስ ያልኩት።

ዋልተር ገባ። ዐይኖቹን ሞራ እየጋረዳቸው ነው፤ መስኮቱ ጋ ካልተጠጋ ፊቴን አይለይም። ማይክሮስኮፕ ላይ የሚያየው በእኔ ዐይን፣ በእኔ ሥዕል ነው። "ለነገ ተዘጋጀን?" አለኝ። "ተዘጋጀን" አልኩት። ለምን እንደዚያ እንዳልኩ አላውቅም። አውቃለሁ እንጂ።

አውቶቡስ ላይ እንዲህ አሰብኩ። ቀለበቱን ከጽሑፉ ብሰርዘው ሆዱ ይቀራል። ሆዱን ለብቻው ደግሞ ማን ከመሳቢያው ሥር ያወጣዋል? ዋልተር አያይም። ሣጥኑን የላከው ሰው ፔሩ ነው ያለው። ስሙ ይታተማል። እማዬ በፍሬም ትሰቅለዋለች። ማን ተጎዳ? እስከ ፍሪሞንት ድረስ ማንም አልተጎዳም። ከፍሪሞንት ወዲህ የተጎዳውን መቁጠር ጀመርኩ።

ቤት ስገባ እማዬ ሰሌዳዋ ላይ አቀርቅራ ነበር። ቀስ ብዬ ጠየቅኳት።

"እማዬ፣ ስትዘረጊያቸው ሆዳቸው የሚወድቅ አለ?"

"ሞልቷል! የደረቀ ነገር አይደል?"

"ሲወድቅ ምን ታደርጊያለሽ?"

እጇን ከሰሌዳው ላይ አነሣች። "ተቆጣሽ?"

"አልተቆጣሁም።"

"ለብቻ አስቀምጪ ብለሽኝ ነበር፣ አልረሳሁም። መጀመሪያ አስቀመጥኩ። በኋላ ግን አላስችል አለኝ፣ ውቢት። ክንፉ ተዘርግቶ፣ አምሮ፣ ከወገቡ በታች ባዶ! ሬሳ እንዴት ጎዶሎ ይቀመጣል? ለእያንዳንዱ የራሱን የሚመስለውን ፈልጌ ሰጠሁት። በዚያች ያንቺ ቀለም አጣብቄ። ባል ያላገኘሽባት ቀለም!"

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ፊቴን ለመታጠብ ገባሁ፤ ውኃውን ከፍቼ አለቀስኩ።

ሬሳ እንዴት ጎዶሎ ይቀመጣል አለች። የማን ሬሳ እንደሆነ ሳታውቀው አይደለም። ወይም ሳታውቀው ነው። አላውቅም።

አርብ፣ ጥቅምት 28

ፖስታው ተጽፎ፣ ቴምብሩ ተለጥፎ ጠረጴዛው ላይ ነበር። ዋልተር ክራቫት አድርጎ መጥቷል፤ ለፖስታ ቤት ክራቫት!

ነገርኩት። ስቶኪንጌን፣ ቀለሙን፣ አሴቶኑን፣ ከሥር ያገኘሁትን፣ ሐሙስ "ተዘጋጀን" ማለቴን። እናቴ ምን ብላ እንዳጣበቀችውም በቃሏ ደገምኩለት። ግርማ ማን እንደሆነ ከዚህ በፊት ነግሬው አላውቅም ነበር። ስሙን ሳወጣ "የቤተሰብ ስም ነው" ብዬ አልፌዋለሁ። ዛሬ ነገርኩት።

ወደ መስኮቱ ሄደ። ጀርባውን ሰጠኝ፤ ኮቱ ትከሻው ላይ እንደ ማንጠልጠያ ሆኗል። ሽማግሌ ሆኗል፣ እስከ ዛሬ አላየሁትም ነበር። ይህ ጽሑፍ የመጨረሻው ነው፤ ታኅሣሥ ላይ ጡረታ ይወጣል።

ከዚያ ተመልሶ "ስንት ገጽ ነው የሚወጣው?" አለኝ። አሳየሁት። ራሱ በእጁ ገጾቹን ከመሐል መዘዛቸው። ሥዕሎቼን ግን ለእኔ ሰጠኝ። "አንድ ቀነስን" አለ። "መቀነስም ሥራ ነው። የቀሩት ቆመዋል፣ ወገኑም ቆሟል።"

"ይቅርታ" አልኩት።

"እኔ የመሳቢያዎቹ ባለቤት ነኝ፤ ሆዱን ሌላ ወገን ውስጥ እንድትፈልጊ ያልነገርኩሽ እኔ ነኝ" አለ። ቆይቶ ደግሞ "ማዘርሽን አትቆጫት" አለኝ።

ጽሑፉ ሰኞ ይሄዳል፣ ቀጭን ሆኖ። ዋልተር ክራቫቱን ፈትቶ ኪሱ ከተተ።

ባቡር ላይ ቀለል ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልቀለለኝም። የዋልተሩ ቀላሉ ነበር።

ጋሽ ኢድሪስ በራቸውን ከፍተው ጠበቁኝ። "ላክሽው?" አሉ። "ሰኞ" ብዬ ሽቅብ ሮጥኩ። እማዬም "ላክሽው?" አለች። "ሰኞ።" ውሸት አይደለም። እውነትም አይደለም።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 29

ሲዘንብ ዋለ። የዓመቱ የመጀመሪያው ዝናብ። ሺፍት የለኝም፤ ማምለጫ የለኝም።

እማዬ ነጠላዋን እያጠበች ነበር፣ ለነገ። "ነገ ለሴቶቹ ተልኳል ልበላቸው?" አለችኝ። ከዚህ በላይ መቆየት አልቻልኩም። ወንበር ስቤ ጎኗ ተቀመጥኩ።

"እማዬ፣ ስሙ ቀርቷል።"

ማጠቧን አላቆመችም። ሁሉንም ነገርኳት። አዲስ ዝርያ እንደሌለ። ክንፉ የአንዱ፣ ሆዱ የሌላው መሆኑን። ሮዙ ቀለበት የእኔ ቀለም መሆኑን። "ያንቺ ጥፋት አይደለም" ብዬ ሦስቴ ሳልል አልቀረሁም። ሲደጋገም ጥፋቷ መሰለ፤ ዝም አልኩ።

ነጠላውን ጨምቃ፣ አራግፋ፣ ገንዳው ላይ ሰቀለችው። እጇን በቀሚሷ አደረቀች።

"እኔ ነኝ የሠራሁት በይኛ" አለች።

"አዎ።"

"ብትልኪው ማን ያውቅ ነበር?"

"ማንም።"

እጅጌዋን መለሰች። "ደግ አደረግሽ። የልጄ ስም በሰው ሆድ ላይ አይለጠፍ።"

ከዚያ የምግብ ጠረጴዛው ጋ ሄዳ ቁጭ አለች። የጀመረችው ሰሌዳ እንዳለ ነበር። ከመሳቢያው ትንሽ የመድኃኒት ጠርሙስ አወጣች፤ ውስጡ ያላጣበቀቻቸው ሆዶች አሉ። ጠረጴዛው ላይ በወረቀት ላይ ደፋቻቸው። እንደ ምስር ለቃሚ በጣቷ ለየቻቸው።

"እነዚህ የማን እንደሆኑ ይታወቃል?"

"የአንዳንዱ። የብዙዎቹ አይታወቅም።"

"የማይታወቀውን ምን ታደርጉታላችሁ? ትጥሉታላችሁ?"

"አንጥለውም። ለብቻው፣ በንጹሕ ዕቃ፣ የማን እንደሆነ አይታወቅም ብለን እናስቀምጠዋለን። ከየት እንደመጣ ብቻ እንጽፍበታለን።"

"ባለቤቱስ? ያ ባዶ ወገቡ?"

"እሱም እንዳለ ይቀመጣል። ጎድሎት። ስሙ ግን አይቀርበትም፤ ሆዱ ባይኖርም ስሙ የራሱ ነው።"

ይህን ስላት ስለ እሳት እራት ነበር የማወራው። እምላለሁ። የተናገርኩትን የሰማሁት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

እማዬ ሆዶቹን አንድ በአንድ ወደ ጠርሙሱ መለሰች። "ጎድሎትም ይቀመጣል ለካ" አለች። ራት አልበላችም። በሩ ክፍት ሆኖ አልጋዋ ላይ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች። አልተኛችም፤ ሳትተኛ ስታድር አውቃታለሁ።

ገደልኳት ብዬ ፈራሁ።

እሑድ፣ ጥቅምት 30

ጋሽ ኢድሪስ እንደ ሁልጊዜው በታክሲያቸው አደረሱን። እስላም ናቸው፣ ግን እሑድ እማዬን አውቶቡስ እንድትጠብቅ አይተዋትም። መንገድ ላይ "ፍሬሙስ?" ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ በመስታወቱ ውስጥ ዐይኔን አዩ፤ ስለ ዝናቡ አወሩ።

ቤተ ክርስቲያናችን የሌሎች ሰዎች ነው፤ በኪራይ፣ እነሱ ሳይመጡ ማልደን ቀድሰን እንወጣለን። ቅዳሴው አለቀ። ሴቶቹ ከበቡን። "ተላከ? ተላከ?" እማዬ "የለም፤ ተሳስተን ነው" አለቻቸው። ተሳስተን! እኔን ጨምራ። ከዚያ ከመሐላቸው ወጥታ ቀጥ ብላ ወደ አባ ሄደች። ጃንጥላዋን ይዤ ከኋላዋ ተከተልኩ። ልትጣላ ይሆናል ብዬ። ትወድቃለች ብዬ።

አባ መስቀላቸውን አሳለሟት። ሰዎቹ ወንበሩን እያጠፉ ስለነበር ጫጫታ ነው።

"አባ፣ ስም መዝግቡልኝ" አለች። "ለጸሎት።"

"የባለቤትሽ አለኝ እኮ።"

"የእሱን አይደለም። ገብረ መድኅን።"

አባ አልሰሟትም መሰለኝ፣ ጎንበስ አሉ። "የማን ነው?"

"የልጄ" አለች። "የግርማ።"

አባ ብዕራቸውን ከኪሳቸው አወጡ። ለመጻፍ ጊዜ ወሰደባቸው፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠርገው መልሰው አደረጉ። ከዚያ ጻፉት። እማዬ ብዕሩን እስከ መጨረሻው ፊደል ድረስ ተከተለችው። እንደጨረሱ መሬት ላይ ልትቀመጥ ዝቅ አለች። ወንበር ሲያጥፉ የነበሩት ሴቶች ወንበሩን መልሰው ዘረጉላት። ያኔ አለቀሰች። በደንብ፣ ድምፅ አውጥታ፣ ደረቷን እየደቃች፣ "ግርማዬ፣ ግርማዬ" እያለች። ሴቶቹም አብረዋት አለቀሱ፤ ልቅሶው ሲጠብቃቸው የነበረ ይመስል ማንም ምን ሆነ ብሎ አልጠየቀም። የቤቱ ባለቤቶች ለራሳቸው ጸሎት መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። አንዲት ፈረንጅ አሮጊት ባርኔጣዋን አውልቃ ጠበቀችን።

እኔ አልወጣልኝም። ጃንጥላውን ይዤ ቆምኩ። አብሬው አድጌ፣ አንድ አልጋ ተኝተን፣ አንድ ትሪ በልተን፣ የክርስትና ስሙን አላውቀውም ነበር። የሚያውቁት ያጠመቁት ካህን፣ የክርስትና አባቱና እሷ ነበሩ። ሁለቱ ሞተዋል። እሷ ለማንም ሳትሰጥ ይዛው ኖረች፤ ከሰጠች ሞተ ማለት ነውና። እኔ ደግሞ ስም ላወጣለት በማይክሮስኮፕ ዐይኔን ሳጠፋ ከረምኩ። ስም ነበረው።

ቤት ስንገባ ጋሽ ኢድሪስ ፍሬሙን ይዘው ወጡ። ባዶ ነው። "በቃ ለሌላ ይሆናል" አሉ እያፈሩ። እማዬ ተቀበለቻቸው። ሻንጣዋ ሥር፣ ልብስ መሐል፣ እስከ ዛሬ ያላሳየችኝ የግርማ ጉርድ ፎቶ ነበራት፤ ከትምህርት ቤት መታወቂያ ላይ የተነቀለ፣ ጥጉ ላይ ግማሽ ማህተም ያለበት። ለፍሬሙ በጣም ትንሽ ነው። መሐሉ ላይ አስቀመጠችው፤ ዙሪያው ባዶ ወረቀት ሆነ። ሙጫ አልፈለገችም፤ መስታወቱ ይይዘዋል አለች።

ተስካሩ ለኅዳር ሚካኤል ይሁን ብላለች። ማን ይጠራል፣ የት ይደረጋል፣ ከነርሲንግ ሆሙ ቀን ይሰጡኛል ወይ፣ አላውቅም። የግርማ ዕንባዬም መቼ እንደሚመጣ አላውቅም። ይመጣል መሰለኝ፤ አውቶቡስ ላይ እንዳይሆን ብቻ።

አሁን ገና አልመሸም፣ ዝናቡ አባርቷል። እማዬ ከነቀሚሷ ሶፋው ላይ እንቅልፍ ወስዷታል። ቀን ተኝታ አይቻት አላውቅም። ሳትነቃ ያን ሮዝ ብልቃጥ ልጥለው አንሥቼ ነበር። መልሼ ቁም ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጥኩት። ነገ ሥራ አለኝ፤ ስቶኪንጌ ሁለተኛው እግሩም ተበስቷል።